ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር

ከሚነጋገሩት ሁለቱ አንዱ ቡራዩ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል፤ መኖሪያው ሰበታ ነው። ሁለተኛዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪው ናት፤ ከሱሉልታ ትመላለሳለች። ሰዓቱ ከክፍል በኋላ፣ ቦታው የኮሌጁ ላብ ነው።

መምህሩ፦ ስምሽን ካልሰጠሽኝ ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው።

ተማሪዋ፦ ቲቸር፣ የምን ዝርዝር እንደሆነ እንኳ በደንብ አልነገሩንም። ማስታወቂያው «የፕሮግራሚንግ ውድድርና ጉባኤ» ይላል፣ ከሥሩ የእርስዎ ስልክ አለ፣ አለቀ። ግድግዳው ላይ ስንት ተለጥፏል! አምስት ሚሊዮን ኮደሮች አለ፣ ሃካቶን አለ፣ የስታርትአፕ ውድድር አለ። የሁሉም መጨረሻ ሰርተፊኬት ነው።

መምህሩ፦ ይሄኛው ለተሳተፈ ሁሉ እጅ የሚጨብጥ አይደለም። አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ የሚወጣ ቡድን ሞልቷል። አይሲፒሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ከ1977 ወዲህ የፍጻሜ ውድድር አለው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የአገር ውስጡ ይደረጋል፤ እዚያ የተሻሉት ወደ አፍሪካና አረብ አገሮች ውድድር ያልፋሉ፤ ከዚያ የተረፈ ለዓለም ፍጻሜ ይሄዳል። ፍጻሜው እ.ኤ.አ. በ2015 ማራኬሽ፣ በ2024 ደግሞ ሉክሶር ላይ ስለተደረገ ለአህጉራችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ተማሪዋ፦ ሕጉ እንዴት ነው?

መምህሩ፦ ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት። ሦስታችሁም ከአንድ ተቋም መሆን አለባችሁ። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ይበልጣል። ኢንተርኔት የለም፤ ይዘሽ የምትገቢው ቀድመሽ ያተምሽውን ወረቀት ነው። መልስሽን ስትልኪ የሚያርመው ማሽን ነው፤ አንቺ በማታይው ፈተና ይፈትነዋል። በመቶው ፈተና አልፈሽ በመቶ አንደኛው ከወደቅሽ ወደቅሽ ነው፤ «ሐሳቡ ጥሩ ነበር» ብሎ ግማሽ ነጥብ የሚሰጥሽ የለም። ትክክል ከሆነ ፊኛ ይዘው መጥተው ወንበርሽ ላይ ያስሩልሻል። ተሳስተሽ ቆይተሽ ካገኘሽው ደግሞ ለእያንዳንዷ ስሕተት 20 ደቂቃ ይቆጠርብሻል።

ተማሪዋ፦ ፊኛ?

መምህሩ፦ ፊኛ። ለየጥያቄው የተለየ ቀለም። ትልልቅ ሰዎች ፊኛ አየን ብለው ሲንጰረጰሩ ታያለሽ።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ሳቁን ትተን ቁም ነገሩን እናውራ። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ የምሠራው ምንድን ነው? የመድኃኒት ቤት ስቶክ መቆጣጠሪያ፣ የሆቴል መመዝገቢያ፣ ለልብስ ሻጭ የቴሌግራም ቦት። እዚህ ቡራዩም ሱሉልታም ገንዘብ የሚከፈልበት እሱ ነው። የውድድር ጥያቄ ግን አንድ ጥንቸል በስንት መንገድ ደረጃ ትወጣለች ይላል። የትኛው ደንበኛ ነው ስለ ጥንቸል የሚጠይቀኝ?

መምህሩ፦ ጥንቸሏን እንተዋት። ባንክ ውስጥ ሥራ ያዝሽ እንበል። 200 ሺህ የገንዘብ ዝውውር የያዘ ዝርዝር ሰጡሽና «ከእነዚህ ውስጥ ሲደመሩ ልክ ይህንን መጠን የሚሰጡ ሁለት ዝውውሮች አሉ ወይ?» አሉሽ። ምን ታደርጊያለሽ?

ተማሪዋ፦ አንዱን ይዤ ከሌላው ሁሉ ጋር እደምራለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ይዤ ከተቀሩት ጋር። ሉፕ ውስጥ ሉፕ።

መምህሩ፦ ስንት ጊዜ ትደምሪያለሽ?

ተማሪዋ፦ 200 ሺህ በ200 ሺህ፣ ለሁለት ሲካፈል... ወደ 20 ቢሊዮን።

መምህሩ፦ በግምት አንድ ማሽን በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ያህል ቀላል እርምጃ ይሄዳል ብለን እናስላ። ተወዳዳሪዎች በልባቸው የሚይዙት ቁጥር እሱ ነው።

ተማሪዋ፦ 200 ሴኮንድ። ከሦስት ደቂቃ በላይ።

መምህሩ፦ የተሰጠሽ ጊዜ ሁለት ሴኮንድ ነው።

ተማሪዋ፦ ቆይ። ቆይ አይንገሩኝ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ባሰልፋቸውስ? አንድ ጣቴን ከታች ትንሹ ላይ፣ አንድ ጣቴን ከላይ ትልቁ ላይ አደርጋለሁ። ድምሩ ከሚፈለገው ከበለጠ የላይኛውን ጣት አንድ ዝቅ፣ ካነሰ የታችኛውን አንድ ከፍ። እኩል ከመጣ አገኘሁ። ጣቶቼ ከተገናኙ ደግሞ የለም ማለት ነው።

መምህሩ፦ ስንት እርምጃ?

ተማሪዋ፦ ጣቶቹ ወደ ኋላ አይመለሱም፤ ስለዚህ ቢበዛ 200 ሺህ። ማሰለፉ ነው የሚከብደው፤ እሱም ቢሆን 200 ሺህ በ18 ገደማ ነው፣ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ምናምን። ሴኮንድም አይሞላ።

መምህሩ፦ ላኪያታ።

ተማሪዋ፦ ልኬያለሁ እንበል።

መምህሩ፦ ስሕተት ነው። 20 ደቂቃ።

ተማሪዋ፦ ለምን? የቱ ጋ?

መምህሩ፦ ማሽኑ አይነግርሽም። «የተሳሳተ መልስ» ብሎ ዝም ነው።

ተማሪዋ፦ ...ባንኩ በሳንቲም ነው የሚያስቀምጠው?

መምህሩ፦ አዎ።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ቁጥሩ ሞልቶ ተገልብጧል። በተለመደው 32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር ሁለት ቢሊዮን ከ147 ሚሊዮን ምናምን ነው። በሳንቲም ከሆነ 21 ሚሊዮን ብርን ትንሽ ሲያልፍ ኔጌቲቭ ይሆናል። 15 ሚሊዮንና 10 ሚሊዮን ብር የላኩ ሁለት ነጋዴዎች ሲደመሩ ባለዕዳ ሆነው ይወጣሉ።

መምህሩ፦ ይሄ ጥንቸል ነው?

ተማሪዋ፦ አይደለም። እሺ፣ ይቺን ወስጃለሁ። ግን እኮ ይሄንን ክፍል ውስጥም ማስተማር ይችሉ ነበር።

መምህሩ፦ አስተምሬዋለሁ። ባለፈው ዓመት ዳታ ስትራክቸር ላይ፣ ስላይድ ላይ ነበር። ጠፍቶሽ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ዛሬ እንዳደረግሽው «ቆይ አይንገሩኝ» አላልሽም። በፈተናዬ ላይ የሚመጣውን ታውቂ ስለነበር ሸምድደሽ ኤ አገኘሽ። ውድድሩ የሚጠይቅሽ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ሳይነግርሽ ነው። ለእኔ ልዩነቱ ይሄ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ዳኛው አያውቅሽም፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ የት እንደተማርሽ፣ ኮሌጅሽ በር ላይ ምን ዓይነት ታፔላ እንዳለው ጉዳዩ አይደለም። ከግል ኮሌጅ የወጣ ሰው ሲቪውን ሲሰጥ የሚያየውን ፊት እኔ ነኝ የማውቀው።

ተማሪዋ፦ እኔም አውቀዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ነግራኛለች። ቢሆንም ቲቸር፣ ዳኛው እኩል ስለሆነ ብቻ ውድድሩ እኩል አይሆንም። የት ነው የምለማመደው?

መምህሩ፦ ኮድፎርስስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ። ነፃ ነው። ከፍለሽ አትገቢም፣ ቪዛ አያስፈልግሽም።

ተማሪዋ፦ እዚያ ውድድሩ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?

መምህሩ፦ አብዛኛውን ጊዜ በሞስኮ 17፡35። ሞስኮና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው፤ ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር 11፡35። ይሄ እንኳ ዕድል ነው፤ አሜሪካ ያሉት በጠዋት፣ ቻይና ያሉት ወደ እኩለ ሌሊት ሲጠጋ ነው የሚገቡት።

ተማሪዋ፦ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በ1፡35 ያልቃል፣ አንዳንዱም ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። እርስዎ ዕድል የሚሉት ሰዓት እኔ ከቡራዩ ወጥቼ፣ አስኮ ወርጄ፣ በዊንጌት አድርጌ፣ አዲሱ ገበያ ለሱሉልታ ታክሲ የምሰለፍበት ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ካለፈ ሰልፉ ይረዝማል፣ መኪናው ያንሳል፣ ከዚያ ረዳቱ እንደ ፈለገ ይጠራል። ጨለማ ነው፣ የእንጦጦ ብርድ አለ፣ እናቴ በየአሥር ደቂቃው ትደውላለች። ሴት ልጅ ነኝ፤ «ኮንቴስት ላይ ነበርኩ» ብላት ማን ነው ኮንቴስት ትለኛለች።

መምህሩ፦ ቤትሽ ሆነሽ ብትገቢስ?

ተማሪዋ፦ በስልክ ዳታ? መብራት ካለ? ጥያቄውን አንብቤ ማሰብ ስጀምር መብራቱ ከሄደ፣ ላፕቶፔ ባትሪው አርጅቷል፣ ካልሰካሁት አይሠራም። እሱ እንኳ ይቅር። አምስት ኪሎ ያሉት ልጆች እንዴት ነው የሚለማመዱት? ዶርም አላቸው። ኮንቴስቱ ሲያልቅ ካፌ ገብተው፣ በልተው፣ የከበዳቸውን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁበት ያድራሉ። አስተማሪያቸው ስለሚበልጥ አይደለም ቲቸር፣ አይቀየሙኝ። ከላብ እስከ አልጋቸው በእግር ስለሚደርሱ ነው።

መምህሩ፦ አልቀየምም። ትክክል ነሽ ማለትም ይቀለኛል። ኤ ቱ ኤስ ቪ የሚባለውን ሥልጠና ታውቂዋለሽ፣ ኤምሬ ቫሮል የሚባል ቱርካዊ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው። መጀመሪያ ተማሪዎቹን ያገኘው አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከዚያ የወጡ ልጆች ጉግልና ብሉምበርግ ገቡ። የሠሩት ደግሞ ይሄንኑ ነው፦ በየቀኑ ጥያቄ፣ በየቀኑ አብሮ መቀመጥ። እውነትሽን ነው፣ አብሮ መቀመጡ የሚቻለው አንድ ቦታ ለሚያድር ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ኮድፎርስስን የሠራው ማይክ ሚርዛያኖቭ የሞስኮ ሰው አይደለም። ሳራቶቭ ከምትባል፣ ቮልጋ ዳር ካለች የክፍለ ሀገር ከተማ ነው። የሳራቶቭ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ፍጻሜውን አሸንፏል። ሳራቶቭ! ከዚያ በፊት የቱ ፕሮግራመር ነው ስሟን የሚያውቀው? ዝነኛው ተወዳዳሪ ጌናዲ ኮሮትኬቪችም ከቤላሩስ ጎሜል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ማራኬሽ ላይ ቡድኑ 13ቱንም ጥያቄ መለሰ፤ እንደዚያ ያደረገ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ተማሪዋ፦ ለጎሜል ዩኒቨርሲቲ ነበር የተወዳደረው?

መምህሩ፦ ...ለሴንት ፒተርስበርግ።

ተማሪዋ፦ አዩ! ከጎሜል ወጥቶ ነው ያሸነፈው። የሳራቶቮቹን እቀበላለሁ፤ እዚያው ቁጭ ብለው ሠርተዋል። እኛ ግን ክፍለ ሀገርም አይደለንም ከተማም አይደለንም። ክፍለ ሀገር ቢሆን ጅማ ወይ ባሕር ዳር እመደባለሁ፣ ዶርም አገኛለሁ። አዲስ አበባ ቢሆን ቤቴ ቅርብ ነው። ዳር ያለ ሰው ከሁለቱም የሚደርሰው መንገዱ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ለቡድኑ ማን ማን እንደሆነ አስቤያለሁ ብልሽ ደግሞ ትስቂያለሽ። አንቺ ከሱሉልታ። ያ መነጽር የሚያደርገው ልጅ እዚሁ ከቡራዩ፣ ከገፈርሳ ወዲህ ነው ቤቱ። ሦስተኛው ሰበታ፣ የኔ ሰፈር ልጅ።

ተማሪዋ፦ ሦስቱም ሸገር ከተማ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ከተማ ሆነናል ተብሏል።

መምህሩ፦ በአስተዳደር አዎ። ከሱሉልታ ሰበታ ልሂድ ብትይ ግን?

ተማሪዋ፦ አዲስ አበባን አቋርጬ። በጎጃም መንገድ ገብቼ በጅማ መንገድ እወጣለሁ። ቡራዩም ያው ነው፤ የአምቦ መንገድ። ሦስታችንም ጎረቤት የምንሆነው ካርታ ላይ ነው።

መምህሩ፦ እኔ በየጠዋቱ ዓለም ገና፣ አየር ጤና፣ 18 ማዞሪያ እያልኩ ነው እዚህ የምደርሰው። ከቤቴ ቅርብ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ ባሕር ድረስ ይዘልቃል። ቡራዩ ግን አያደርስም። ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ቡድኑ የት ይገናኛል? መርካቶ አውቶቡስ ተራ?

መምህሩ፦ እዚህ ነዋ፣ ኮሌጁ።

ተማሪዋ፦ መቼ? እሱን ቆይተን እንነጋገርበታለን፤ አልረሳሁትም። መጀመሪያ ኮንፈረንሱን ይንገሩኝ። ማስታወቂያዎ ላይ «ውድድርና ጉባኤ» ይላል። ጉባኤ ተማሪ ምን ይሠራል? ባጅ አንጠልጥሎ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ኩኪስ በልቶ፣ ቲሸርት ይዞ መመለስ ነው። የሚናገሩት ፕሮፌሰሮች ናቸው።

መምህሩ፦ ለአንዳንዱ እንደዚያው ነው፤ አልክድሽም። ግን አንድ ታሪክ አለ፣ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ። አይክለር የሚባል ጉባኤ አለ፤ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. የ2020ው አዲስ አበባ ሊደረግ ነበር። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየም አዳራሽ። እስከዚያ ድረስ ያን የሚያህል የዘርፉ ጉባኤ አፍሪካ ውስጥ ተደርጎ አያውቅም ነበር።

ተማሪዋ፦ ለምን እኛን መረጡ?

መምህሩ፦ ቪዛ ነው ምክንያቱ። ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ያደጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ብላክ ኢን ኤአይ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ኒውሪፕስ የሚባለው ሌላው የዘርፉ ጉባኤ ሞንትሪያል ላይ ሊደረግ ሲል ጽሑፋቸው ተቀባይነት ያገኘ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከለከሉ። ጥሪ አላቸው፣ ጽሑፍ አላቸው፣ ቪዛ የላቸውም። «እንግዲያው ጉባኤው ይምጣ» የሚለው ግፊት በረታ፤ የዘርፉ ታዋቂ ተመራማሪ ዮሹዋ ቤንጂዮም ሐሳቡን ደገፈ። አዲስ አበባ ተመረጠች። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ጉባኤው ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ አፍሪካ ሲገባ ኪጋሊ ነበር የገባው።

ተማሪዋ፦ ኪጋሊ ወሰደችው።

መምህሩ፦ ወሰደችው አልልም፤ አዘጋጀች። እኛ ዘንድ ግን ቦሌ በታክሲ የሚደረስበት ነገር ነበር። ከሱሉልታ ተነስተሽ፣ የዓለም ሰዎች ፖስተራቸው ሥር ቆመው ሲያስረዱ ሰምተሽ፣ ማታ ቤትሽ ትገቢ ነበር። ጉባኤ ለተማሪ የሚጠቅመው መድረኩ ላይ ባለው ንግግር አይደለም፤ እሱን በዩቲዩብ ታይዋለሽ። ፖስተር የሚሰቀልበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ፖስተሩ አጠገብ ቆሞ የሚጠይቀው ሲያጣ ታገኚዋለሽ። ጠጋ ብለሽ «ይሄ ለምን ሆነ?» ካልሽው ግማሽ ሰዓት ያወራሻል። ለማስተርስ የሚያማክረውን መምህር እንደዚህ ያገኘ ሰው አለ።

ተማሪዋ፦ እኔ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ሞዴል አሠልጥኜ አላውቅም፤ የማሠለጥንበትም ማሽን የለኝም።

መምህሩ፦ ቤታችሁ ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?

ተማሪዋ፦ ከአያቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእናቴ ጋር በሁለቱም፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአማርኛ። ምን አገናኘው?

መምህሩ፦ ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሴምኢቫል በሚባለው የተመራማሪዎች ውድድር ላይ አፍሪሴንቲ የሚባል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። በ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ትዊቶች ተሰብስበው፣ የትኛው አዎንታዊ የትኛው አሉታዊ፣ የትኛውስ ገለልተኛ እንደሆነ ማሽን እንዲለይ ነበር የተፈለገው። አማርኛ ነበረበት፤ ለአማርኛ የማሠልጠኛ ትዊት ተሰጥቷል። ኦሮምኛና ትግርኛ ግን ማሠልጠኛ አልተሰጣቸውም፤ ለፈተና ብቻ ነው የቀረቡት። ከሌላ ቋንቋ የተማረው ሞዴል በእነሱ ይሞከር ተባለ። ከየአገሩ ተመራማሪ ገባበት። ብዙዎቹ የሚፈትኑትን ትዊት ማንበብ አይችሉም፤ ሞዴላቸው ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ አያዩም።

ተማሪዋ፦ እኔ አያለሁ።

መምህሩ፦ አንቺ ታያለሽ። ከሞዴሉ ውጤት መቶ ስሕተት አውጥተሽ «ይሄ ስላቅ ነው፣ ይሄ ተረት ነው፣ ይሄ ከአማርኛ የተቀላቀለ ነው» ብለሽ ብትመድቢ ማሽን አይጠይቅሽም። ወረቀትና እርሳስ ነው። ኢንዳባኤክስ ኢትዮጵያ የሚባለው ጉባኤ ላይ ፖስተር ይሆናል። ታውቂው እንደሆነ፣ የሱ ዋና ጉባኤ ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ እ.ኤ.አ. በ2017 ጆሃንስበርግ ሲጀመር ሐሳቡ ይሄው ነበር፤ አፍሪካውያን የሌላው ሥራ ተመልካች ብቻ አይሁኑ ነው።

ተማሪዋ፦ የኦሮምኛው ቁቤ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ ቲቸር። ረጅሙ ድምፅ ሁለት ፊደል ነው የሚፈልገው፤ ሰው ግን ስልኩ ላይ ሲጽፍ አንዱን ይዘለዋል። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን። ማሽኑ ግን ሌላ ቃል ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል።

መምህሩ፦ ይኸው ጀመርሽ። ይሄንን ጻፊው።

ተማሪዋ፦ ቆይ፣ ቆይ። ደስ እያሰኙኝ ነው፤ ይሄ ዘዴ ነው። አሁን ዲኑ ጋ እንሂድ እንበል። ኮሌጁ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ የመውጫ ፈተና። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ከተጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ ኮሌጅን የሚለካው ስንት አሳለፈ ብሎ ነው፤ የግሎቹ ውጤት ደግሞ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ እጅግ ያነሰ ነበር። ዲኑ «ተማሪዬን ፊኛ ልታሳድድ ነው?» ይልዎታል።

መምህሩ፦ እኔም መልሴን አዘጋጅቼለታለሁ። ፈተናው 100 ምርጫ ጥያቄ ነው፤ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም በውስጡ አለ። አሁን በሁለት ጣትሽ የፈታሽው እሱ ነው።

ተማሪዋ፦ ያ ለእኔ ይሠራል። ክፍላችን ውስጥ ግን ስንት ሰው ነው ያለው? እርስዎ ሦስት ሰው መርጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ቢያሠለጥኑ ሦስት ሰው ጎበዝ ይሆናል፤ እኛም ያለዚያም እናልፍ ነበር። ሉፕ ውስጥ ሉፕ እንኳ የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ፤ እነሱን ማን ያያቸዋል? ውድድር እኮ ጠባዩ ነው፤ አስቀድሞ የቻለውን መርጦ ይወስዳል።

መምህሩ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ማለት፣ ግማሽ መልስ ነው ያለኝ። ሦስት ሰው ብቻ ቢመዘገብም ላቡ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ውድድሩ የሚሄደው ሦስት ሰው ነው፤ ቅዳሜ የሚቀመጠው ግን የፈለገ ነው። የቸገራቸው ልጆች የቀላሉን ጥያቄ ይሞክሩ። አንቺ አንድ ሰዓት ታስረጃቸዋለሽ።

ተማሪዋ፦ እኔ? ደመወዝ አለው?

መምህሩ፦ ሻይ አለው።

ተማሪዋ፦ የግል ኮሌጅ አስተማሪ እንደሆኑ አሁን ገባኝ። እሺ፣ አሁን ወደ «መቼ» እንመለስ። ማታ አልመጣም። ይሄ አይደራደርም።

መምህሩ፦ ማታ አትመጪም። ኮድፎርስስ ቨርችዋል የሚሉት ነገር አለው። ያለፈ ውድድር መርጠሽ፣ በፈለግሽው ሰዓት፣ ልክ ያኔ እንደነበረው ሰዓቱ እየቆጠረብሽ ትገቢበታለሽ። የደረጃ ሰንጠረዡም በጊዜው እንደነበረው እያደገ ይታይሻል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ከተወዳደሩት ጋር ትሽቀዳደሚያለሽ።

ተማሪዋ፦ ነጥብ ይሰጣል?

መምህሩ፦ አይሰጥም። ስምሽ ላይ ያለውን ቀለም አይቀይርልሽም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ልጆቹ ቀለሙ ካልተቀየረ ይሰለቻሉ። ግን ይሁን፤ እኔን ደስ የሚለኝ ማን እንደቀደመኝ ማየቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ሰው ሥራ ስለማይገባ ታክሲም ቀለል ይላል። አምስቱን ሰዓት አንዴ ቁጭ ብለን እንሥራው፤ እንደ ውድድሩ። ሦስት ሰው አንድ ኮምፒውተር። ያን ጊዜ ነው ጠባያችን የሚታወቀው።

መምህሩ፦ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ሦስት ጎበዝ አንድ ኪቦርድ ላይ ሲጣላ አይቻለሁ። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ በወረቀት ላይ ቀጣዩን መፍታት አለባቸው። ኮዱ እምቢ ካለ ደግሞ አትሙትና ተነሱ፤ ስሕተቱን ወረቀት ላይ ፈልጉት፣ ማሽኑን ለሌላው ልቀቁለት። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ማሰብ የለም።

ተማሪዋ፦ የሰበታው ልጅ ይሄንን ይቀበላል? ጽሕፈቱ ፈጣን ነው፤ ግን ከጻፈ በኋላ ነው የሚያስበው።

መምህሩ፦ አንቺ ደግሞ አስበሽ አስበሽ መጻፍ ትረሻለሽ። ለዚህ ነው አንድ ላይ ያደረግኋችሁ። መነጽር የሚያደርገው ጥያቄ በማንበብ ደህና ነው፤ እንግሊዝኛው ሦስት ገጽ ቢሆንም ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ያወጣል።

ተማሪዋ፦ ሦስት ነገር ከእርስዎ እፈልጋለሁ። የትራንስፖርት፤ ለእኔ ሳይሆን ለሰበታው፣ እሱ ከእኔ በባሰ ነው የሚመላለሰው። ጀኔሬተሩ ቅዳሜ እንዲሠራ። ሦስተኛው፣ የአገር ውስጡ ውድድር ላይ ብንወድቅ ሰልፍ ላይ ስማችንን አይጥሩ።

መምህሩ፦ ሦስተኛውን ዛሬውኑ ቃል እገባለሁ። ሁለተኛውን ናፍጣ ካለ። የመጀመሪያውን ከዲኑ ጋር።

ተማሪዋ፦ ለዲኑ የመውጫ ፈተናውን ያስቀድሙለት፤ ፊኛውን አይንገሩት።

መምህሩ፦ አልነግረውም። ስምሽን ልጻፍ?

ተማሪዋ፦ ይጻፉ። የላቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

መምህሩ፦ ጥበቃው ጋ። ቅዳሜ ግን ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነው የሚመጣው፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አይከፍትም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ሦስት ተኩል እንበል፤ የሰበታው ልጅም እስከዚያ ይደርሳል።